ባፉር በግራ አይቀበልም

በከተማችን በዱአሶ ሰው ሞቶም ከሐሜት አያርፍም። የጦጣዎቹ ጠባቂ አሞአቴንግ ግን ራሱን በራሱ አምቶ ስለሚጨርስ ለእኛ የሚተርፈን ፍርፋሪ ነው። ስለ እሱ ትኩስ ወሬ ይዘህ ብትሮጥ፣ እሱ ቀድሞህ የበቆሎ ሙልሙል፣ ኬንኬ ሻጯ በር ላይ ሲያወራው፣ ሰውም እንባው እስኪወርድ ሲስቅ ታገኘዋለህ። ስለዚህ እዚህ የተጻፈው ግማሹ ከራሱ አፍ የተሰማ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ እሱ ያፈረበትና፣ በእንስሳት ግቢው በር ላይ ኦቾሎኒ የሚሸጡት እማማ መንሳ ያላፈሩበት ነው።

«ለሁለት ሥራ ተፈጥሬ ነበር» ይላል አሞአቴንግ፤ «ሁለቱም ቀምሰው ተፉኝ።»

የመጀመሪያው የዘር ሥራ ነው። የከተማችን አለቃ ናና በአደባባይ ለሰው በቀጥታ አይናገሩም። ቃላቸውን ወስዶ፣ አሳምሮ ለሰሚው የሚያደርስላቸው ወርቅ የተለበጠ በትር የያዘ አንደበት አለ፤ ለናና የሚመለሰውም ቃል በዚያው በአንደበቱ በኩል ነው። በትሩ ያኔም ዛሬም በአሞአቴንግ እናት ወንድም፣ በወፋ አንትዊ እጅ ነው፤ «ወፋ» እኛ ዘንድ አጎት ማለት ነው። በእኛ ደንብ ወራሽ የእህት ልጅ ነውና አሞአቴንግ ጥርሱን የነቀለው በሥርዓት ላይ ነው። ሰላምታ ከቀኝ ተጀምሮ እንደሚዞር፣ ሽማግሌ ፊት እግር እንደማይደራረብ፣ እንግዳ ውሃ ሳይቀምስ «ምን አመጣህ?» እንደማይባል ገና ከንፈሩ ላይ ወተት ሳይደርቅ አወቀ። በሃያ ሁለት ዓመቱ ወፋ አንትዊ በአንድ ትልቅ ቀብር ላይ ጥቂት ቃል እንዲናገር ፈቀዱለት። ተነሣ። ጨርቁን ከትከሻው ዝቅ አደረገ። የሟቹን ደግነት ሲዘረዝር ሕዝቡ እንባ በእንባ ሆነ። መጨረሻ ላይ ስም መጥራት ሲደርስ ግን የሟቹን ትቶ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን የሟቹን ታላቅ ወንድም ስም ጠርቶ በሰላም ሸኘው።

«ሰውየው ይኸው እስከ ዛሬ በሕይወት አለ» ይላል፤ «እስከ ዛሬም ሰላም አይለኝም። ቀብሬው ምን ሰላምታ ይኖራል?»

ሁለተኛው ሥራ የትሮትሮ፣ የሚኒባስ ታክሲ፣ ረዳትነት ነበር። ረዳት ማለት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ኩማሲ! ኩማሲ! ኩማሲ!» የሚል ሰው ነው። አሞአቴንግ ለገባው ተሳፋሪ ሁሉ እንደ ዕድሜው ሰላምታ ሲያቀርብ፣ ከብት ካለው ስለ ከብቱ፣ እናት ካለችው ስለ እናቱ ሲጠይቅ፣ ሾፌሩ በሦስተኛው ቀን «ወንድሜ፣ አንተ ሰላም ብለህ እስክትጨርስ ሌላው መኪና ኩማሲ ደርሶ ተመለሰ» ብሎ በክብር አወረደው።

እንዲህ ሆኖ ነው የእንስሳት ግቢው የደረሰው። መጀመሪያ ዘንዶ ሰጡት። ከዘንዶው ጋር ተግባቡ፤ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ምንም አይሠሩም ነበር። ዘንዶው ሲሞት ወደ ጦጣዎቹ ተዛወረ፤ ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት። «ጦጣዎቹ ለምን እንደተቀበሉኝ ታውቃለህ? ሽቦ ውስጥ ነበሩ፤ ምን ያድርጉ!»

የእሱ ጦጣዎች አንገተ ነጭ ይባላሉ። ጀርባቸው አመድማ፣ ደረታቸው ነጭ ነው፤ ማጅራታቸው ላይ ደግሞ ዱቄት የነካ እጅ የዳበሳቸው ይመስል ነጭ ምልክት አለ። ከእኛና ከጎረቤቶቻችን ጫካ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። በእኛም ጫካ ቢሆን ፍለጋው ብቻ ነው የሚገኘው። የግቢው ሐኪም ዶክተር ኤዲናም ለጎብኚ ስታስረዳ «ዘራቸው ሊጠፋ ነው» ስትል እኛ ዱአሶዎች ከንፈር እንመጣለን። «ማን አጠፋቸው?» ስትል ጣሪያ እናያለን። አባቶቻችን በሾርባ፤ እኛም አንዳንዴ፣ ሰው ቤት ቀርቦልን፣ እምቢ ማለት ነውር ሆኖብን… ብቻ ጣዕማቸው ነው ጠላታቸው።

ከእነሱ አንዱ፣ ባፉር፣ የመጣው በካርቶን ነው። አንድ አዳኝ ለገበያ ሲወስደው የደን ጠባቂዎች አስጥለው አመጡት። የወጥመድ ሽቦ ቀኝ እጁን አንጓው ላይ በልቶታል። ዶክተር ኤዲናም ስድስት ሳምንት በሕክምና ክፍሏ አቆይታ፣ ቁስሉ ሲድን ከወረቀቱ ጋር ለአሞአቴንግ አስረከበችው። የአሞአቴንግ ፊርማ ረጅም ናት፣ ጅራትም አላት። እሷን ሲያሳምር ጊዜው አለቀና ወረቀቱን ሳያነብ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

በመጀመሪያው ጠዋት ሙዝ ዘረጋለት። ባፉር ቀረብ አለ፣ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች መዘነና ግራ እጁን ዘረጋ።

እኛ ዘንድ ግራ እጅ ሽንት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። ለዚህ ነው በግራው የሚሰጥ፣ የሚቀበል፣ መንገድ እንኳ የሚያሳይ ሰው «ሰደበኝ» የሚባለው። አሞአቴንግ እሳት እንደነካው ሰው ሙዙን መንጭቆ ሳበው። ሽቦው ዳር የቆሙ የትምህርት ቤት ልጆች ሳቁ።

«አንተ!» አለ አሞአቴንግ። «የማን ልጅ ነህ? ስታድግ እናትህ ቤት አልነበረችም?»

ባፉር የዓይኑን ቆብ ብልጭ አደረገበት። የእነዚህ ጦጣዎች የዓይን ቆብ ነጭ ነው፤ ሲቆጡ ቅንድባቸውን ወደ ላይ ስበው ነጩን ያሳዩሃል። አሞአቴንግ ያቺን አስተያየት አልሳታትም፤ ሃያ አራት ዓመት በትዳር ኖሯል።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ግራ ሲመጣ ምግቡ ይሸሻል። ባፉር ቀኝ እጁን ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ ሲያሳርፍ አሞአቴንግ ኩራት ነው ብሎ ያዘበት፤ «እንደ መኳንንት ቀኙን ያስቀምጥና በግራው ያዘኛል» እያለ። ቁስሉ ድኗል፣ ፀጉር አብቅሏል፤ እጅ ደግሞ እጅ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አሞአቴንግ ወረቀቱን ለቆ ሞኝነቱን ያዘ።

ትምህርቱ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ባፉር አንድ ነገር ገባው። አሞአቴንግ ሲመጣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ይጠብቃል። አሞአቴንግ ምግቡን ሲሚንቶው ላይ ይወረውርለታል፤ ባፉርም ጎንበስ ብሎ በአፉ ያነሣል። አሞአቴንግ ይህን አይቶ ልቡ ሞላ። «ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ!» ብሎ ለአገሩ አወራ። ጣውላ አስጠርቦ፣ በራሱ እጅ በቀይ ቀለም «ባፉር በግራ አይቀበልም። እርስዎስ?» ብሎ ጽፎ ጎብኚ በሚቆምበት በኩል ሰቀለው። ሰው ጎረፈ። ፓስተሩ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች አመጣና አስጨበጨበ። ከቀብሩ ወዲህ በቅጡ አናግረውት የማያውቁት ወፋ አንትዊ እንኳ «በስተመጨረሻ አንድ ሰው አስተማርክ» ብለው ላኩበት። አሞአቴንግ «ሰው» የምትለዋን ቃል ሳያይ አለፋት።

ዶክተር ኤዲናም በሳምንት አንዴ በኋላ በር ገብታ፣ ጦጣው እንዳልከሳ አይታ በዚያው በር ትወጣለች። ጣውላውን አላየችም።

በአሥራ ስምንተኛው ወር ሰርዋ መጣች። ከሌላ ግቢ የመጣች ወጣት አንገተ ነጭ ናት። ከባፉር ቀጥሎ ባለው ክፍል፣ በመሃል ሽቦ አድርገው አስገቧት። ዶክተር ኤዲናም አሞአቴንግን ጠርታ አስቀመጠችው።

«ሚስተር አሞአቴንግ፣ ሦስት ጠዋት አያቸዋለሁ። ምግቡ በቅርጫት ከላይ ይሰቀላል። ወንዱ ወጥቶ ካልወሰደ፣ የራሱን ካልተከላከለ፣ ሴቷ ትንቀዋለች። ከናቀችው ደግሞ በሩን ብከፍት ትነክሰዋለች፤ ስለዚህ አልከፍትም።»

«ካልከፈቱስ?»

«እሷ ሌላ ወንድ ወዳለበት ትሄዳለች። እሱ የኋላውን ክፍል ይገባል።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻውን።»

«ለስንት ጊዜ?»

«አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እነዚህ ሠላሳ ሊደርሱ ይችላሉ።»

አሞአቴንግ በሥራው ብቻውን የቀረ ጦጣ አይቷል። ፀጉሩን የሚፈልይለት ሲያጣ የራሱን ነጭቶ ነጭቶ ይጨርሳል። ወዲያው ግን ባፉርን አሰበና ደረቱን ነፋ።

«አይስጉ ዶክተር። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ የሚለው ባፉርን አላየም። እንደ እሱ ያለ ጨዋ ሙሽራ አሻንቲ ምድር ላይ ቢዞሩ አያገኙም።»

በመጀመሪያው ጠዋት ሁለት ቅርጫት ተሰቀለ። ሰርዋ ዘላ የራሷን ባዶ አደረገችና በሽቦው ክፍተት ጅራቷን ከፍ አድርጋ ሙሽራውን ማየት ጀመረች። ሙሽራው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ቅርጫቱን አየ። አሞአቴንግን አየ። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ምግብ እስኪወረወርለት ጠበቀ፤ ማንም አልወረወረለትም። አንድ ሰዓት እንዲህ ተቀመጠ። ሰርዋ አዛጋችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ዶክተር ኤዲናም ገብታ መረመረችው። ዓይኑን፣ ድዱን፣ ሆዱን አየች።

«ጤነኛ ነው» አለች ግራ ተጋብታ። «ቀኝ እጁ እንደ ድሮው ነው፤ ሽባ ነው፣ ነርቩ ተበጥሷል፤ እሱን ወረቀቱ ላይ ጽፌልዎታለሁ። ግን ግራው እኮ ደህና ነው! ግራውን ለምን አይዘረጋም?»

አሞአቴንግ ባልዲውን አንሥቶ የታጠበውን እንደገና ማጠብ ጀመረ። ዶክተሯ አየር ለመቀበል በጎብኚ በኩል ዞረች። ጣውላው ፊት ስትደርስ ቆመች፤ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እጄ ነው ዶክተር» አለ አሞአቴንግ። «ቀኝ እጄ።»

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ዶክተሯ ብዕሯን ዘግታ ደረት ኪሷ ውስጥ አደረገች፤ «ሁለት ጠዋት ቀርቷል» ብላ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን አነበበ። «ቀኝ እጅ፦ ምንም ስሜት የለውም፤ አይመለስም» ይላል። ከሥሩ የራሱ ፊርማ ከነጅራቷ ተጋድማለች። ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ለፖኩዋ ነገራት። ፖኩዋ ለፉፉ የተቀቀለ ካሳቫ እየወቀጠች ነበር፤ ዘነዘናውን አቆመች።

«አሥራ ስምንት ወር» አለች።

«አሥራ ስምንት ወር።»

«እጅ የሌለውን ‹እጅህን ዘርጋ› ስትለው።»

«አዎ።»

«እኔንም እንዲሁ ነው። ሃያ አራት ዓመት የሌለኝን ነገር ትጠይቀኛለህ፤ ትዕግሥት።» ሳቀችበት፤ ከዚያ ፊቱን አይታ ተወችው። «ታዲያ ሂድና በግራው ስጠው።»

«ሰጠሁት እኮ! ከሰዓት ሙዝ ግራው ሥር አድርጌ ለመንኩት። አያምነኝም። ወጥመድ መስሎት ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል።»

«እውነቱን ነው። አንተ ግራ እጁ በተዘረጋች ቁጥር የምትሸሽ ሙዝ ነህ፤ ዛሬ ‹ና› ብትለው ማን ያምንሃል?» ዘነዘናውን አነሣች። «ቀኑን ሙሉ የሚያየው አንተን አይደል? አብረኸው ትበላ የለ? በየትኛው እጅህ ትበላለህ?»

«በየትኛው እበላለሁ፣ በቀኜ ነዋ!»

«እንግዲያስ» አለች ፖኩዋ፣ ወደ ውቀጣዋ ተመለሰች።

በሁለተኛው ጠዋት አሞአቴንግ ጎብኚ ሳይገባ ደረሰ። ግራና ቀኝ አየ። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ባፉር ብቻ በሚያየው በኩል ቁጢጥ ብሎ በግራ እጁ ሙዝ ላጠና ጎረሰ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አፉ ያልለመዳት እጅ ናት፤ የመጀመሪያው ጉርሻ አፍንጫው ላይ አረፈ። ባፉር ራሱን ወደ ጎን አዘነበለ። ሁለተኛው ጉርሻ ገባ። ባፉር ሁለት እርምጃ ቀረበ። በሦስተኛው ላይ ግራ እጁ ከጉልበቱ ተነሣች፤ አንድ ስንዝር ያህል አየር ላይ ቆመች።

«ኢየሱስ!»

አጥሩ ቀዳዳ ላይ የእማማ መንሳ አንድ ዓይን ነበረች።

አሞአቴንግ ሳያስበው ግራ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ባፉርም የራሱን ወዲያው ጉልበቱ ላይ መለሰ። አሞአቴንግ የተደበቀችውን እጁን አሰበ፤ የባፉርን እጅ አየ። ያን ጊዜ ነው ጦጣው አሥራ ስምንት ወር የተማረው ትምህርት ፊቱ ላይ የተነበበለት። ባፉር የተማረው ሥርዓት አልነበረም፤ ኀፍረት ነው።

ያን ጠዋትም ቅርጫቱ ሳይነካ ወረደ። ሰርዋ ዞር ብላም አላየችው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አሞአቴንግ ለምሳ እስኪወጣ ዱአሶ ላይ አራት ዓይነት አሞአቴንግ ይዞር ነበር። የአንዱ ግማሽ ጎን ሽባ ሆኗል። አንዱ ሚስቱን በግራው መትቶ እጁ እንደዚያው ቀርቷል። አንዱ ኩማሲ ያለ አንድ መናፍስት ጠሪ ዘንድ ገብቷል፤ እዚያ ሁሉ ነገር በግራ ነው። አራተኛው፣ የእማማ መንሳው፣ ከጦጣው ጋር ደም ተቀባብቷል። አሞአቴንግ አራተኛውን ወደደው፤ ቢያንስ በዚህኛው ባፉር ተስማምቷል።

በሦስተኛው ጠዋት ከተማው ሁሉ ገባ። የግቢው መሬት የናና ነውና ናና ሙሽሪትን አይተው እንዲነግሯቸው ወፋ አንትዊን ልከዋል። ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው፣ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። ዶክተር ኤዲናም መዝገቧን ገልጣ በአንድ ጎን ቆመች። ቅርጫቱ ተሰቀለ። ባፉር ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

አሞአቴንግ ከፊት መጣ። ከባፉር ትይዩ በርጩማ አድርጎ ተቀመጠ። ፖኩዋ ፉፉና የኦቾሎኒ ሾርባ ያለበትን ሳህን አቀረበችለት፤ ውሃ ይዛ አስታጠበችው። ግራውን። አሞአቴንግ በግራ እጁ ፉፉውን ቆረሰ፣ ሾርባው ውስጥ አጠቀሰ፣ ዋጠ። ሾርባው ክርኑ ድረስ ወረደ።

«አሞአቴንግ» አሉ ወፋ አንትዊ። ሽማግሌው ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «እኔ የማየውን አንተም ታያለህ?»

«አያለሁ ወፋ።»

«እጅህን አሞሃል?»

«የታመመው እጅ የእኔ አይደለም። የእሱ ነው፤ ቀኙ ከመጣ ጀምሮ ሽባ ነው። ወረቀቱ ተሰጥቶኝ ሳላነብ ፈረምኩ። ስድ ነው ብዬ አሥራ ስምንት ወር ባለችው እጁ ቀጣሁት፤ እንደ ዶሮ ከመሬት በአፉ እንዲለቅም አደረግኩት። ‹ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ› ብዬ አወራሁ። እናንተም አጨበጨባችሁ።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳል ሳል አለው። ፓስተሩ ጫማውን ማየት ጀመረ።

በእኛ ዘንድ ግራህን ማንሣት ግድ ከሆነብህ አስቀድመህ «ለግራዬ ይቅርታ» ትላለህ፤ ያኔ ነውሩ ይነሣል። ወፋ አንትዊ ይህን ያዙ።

«ይቅርታ ጠይቀህ ነው የምትበላው?»

«እናንተን አሁን እጠይቃለሁ፤ ለግራዬ ይቅርታ። የከበደኝ የእሱ ነው። እኔ ብነግረው አያምነኝም ወፋ። ቃሌን እርስዎ ያድርሱልኝ።»

«ለጦጣ?» አለ አንድ ሰው። «ወፋ፣ ለጦጣ እንዳያደርጉት! ናና ምን ይላሉ?»

ወፋ አንትዊ በትራቸውን ተመለከቱ። አርባ ዓመት የሰው ቃል ተሸክመዋል። የደረሳቸውን ቃል «ለማን ነው?» ብለው መልሰው አያውቁም። ተነሡ። ጨርቃቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አደረጉ። ሕዝቡ ይህን ሲያይ ባርኔጣውን ያወለቀም ነበር።

«ባፉር» አሉ፤ «አሞአቴንግ እንዲህ ይላል። አላወቅኩም ነበር። የአንተን እጅ በእኔ እጅ ለካሁ። ወጥመዱ አንዱን ወሰደብህ፤ ሌላውን የወሰድኩብህ እኔ ነኝ። ለግራዬ ይቅርታ፤ ለግራህም ይቅርታ። እንዲህ ይላል።» አንደበት ናቸውና ጥቂት ማሳመር ግድ ሆነባቸው። «ይህ ሰው፣ ጌታው፣ ከልጅነቱም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ቆመን እያየነው በቁም ያለ ሰው ቀብሮብናል።»

ባፉር ነጩን የዓይን ቆቡን ለወፋ አንትዊ ብልጭ አደረገላቸው።

«ሰምቷል» አሉ ሽማግሌው፤ ተቀመጡ።

አሞአቴንግ መብላቱን ቀጠለ። ልጆች ሳቁ፤ እጁን አልደበቀም። አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው፤ እጁን አልደበቀም። ሾርባው ሸሚዙን አበላሸው፣ ፉፉው ጢሙ ላይ ቀረ፤ እሱ ዓይኑን ከባፉር ሳይነቅል ይቆርሳል፣ ይውጣል። ሳህኑ ሊያልቅ ሲል የባፉር ግራ እጅ ከጉልበቱ ተነሣች። አሞአቴንግ ወደ እሱ የምትመጣ መስሎት ሽቦው ሥር ተዘረጋላት። አልመጣችም። ባፉር ሽቦውን ጨብጦ ወጣ፣ በእግሮቹ ተንጠለጠለና ግራ እጁን ቅርጫቱ ውስጥ ከቶ ማንጎ አወጣ።

ሰርዋ ተስፈንጥራ መሃል ሽቦው ጋ ደረሰች፤ እጇን አሾልካ ልትነጥቀው። ባፉር ቅንድቡን ስቦ፣ ጥርሱን አውጥቶ ጮኸባት። ሰርዋ አፈገፈገች። ከዚያ እሱ ማንጎውን ይዞ ወረደና ከእሷ አጠገብ፣ ሽቦው ሥር ተቀምጦ መጋጥ ጀመረ። እሷም አልሄደችም። ዶክተር ኤዲናም ብዕሯን ከደረት ኪሷ አወጣች።

ሕዝቡ ሲበተን ወፋ አንትዊ የእህታቸውን ልጅ ጠሩት።

«በአደባባይ በግራህ በልተሃልና ለካሳ አንድ ጠርሙስ አረቄ ታመጣለህ።»

«ለሽማግሌዎቹ ነው ወፋ?»

«ለእኔ ነው። ከጦጣ ጋር አነጋግረኸኛል።»

ዶክተሯ ግን ሌላ ነገር ነበራት። «በሩን ነገ እከፍታለሁ» አለች። «አንድ ነገር ግን አለ ሚስተር አሞአቴንግ። አይተውት ከሆነ፣ ማንኛውንም ነገር ከማድረጉ በፊት እርስዎን ያያል። እሷን ትቶ የእርስዎን ፊት የሚጠብቅ ከሆነ አንድ ቀን ትጥለዋለች። ለሦስት ወር እንዳያይዎት እፈልጋለሁ። ድምፅዎንም እንዳይሰማ።»

አሞአቴንግ «ሚስቴም ይህን መለመን ከጀመረች ሃያ አራት ዓመት ሆናት» አለ። ዶክተሯ ሳቀች። እሱ ወደ መጋዘኑ ሄዶ ባልዲውን አስረከበ፤ ጣውላውን አወረደና ወፍ እንኳ እንዳያየው ይመስል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው።

ኤሊዎቹ ዘንድ መደቡት። ኤሊዎቹ ያሉት በግቢው ሌላ ጫፍ፣ እማማ መንሳ በሚሸጡበት በር፣ አጥሩ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት የፓፓያ ቅጠል ይዘረጋላቸዋል፤ እነሱም በፈለጉት ጊዜ፣ በፈለጉት በኩል መጥተው ይበላሉ። ጎብኚ መጥቶ «ይሄ ኤሊ ምን ይችላል?» ሲለው «ጠይቀው፤ እኔ ማስተማር አቁሜያለሁ» ይለዋል። ከሩቅ የጦጣዎቹ ጩኸት ሲመጣ ግን ቅጠሉን ይዞ ይቆማል። ጩኸቱ የጠብ ይሁን የሌላ፣ የሱ ይሁን የእሷ፣ ከዚያ ርቀት አይለይም። አንድ ቀን ረጅም ጩኸት ሰምቶ እስከ መሃል ግቢው ሮጠ። የዶክተሯ ቃል ትዝ አለውና ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆመ፤ ላቡን ጠርጎ ተመለሰ።

በሁለተኛው ወር ላይ እማማ መንሳ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩት። የኦቾሎኒ ትሪያቸውን መሬት ላይ ትተውታል፤ ነገሩ ትልቅ ቢሆን ነው።

«አሞአቴንግ! አየኋቸው!»

«ምን አዩ እማማ?»

«ያቺ የአንተ ሙሽራ ትፈልይለት ነበር።»

«ጀርባውን?»

«ምን ጀርባውን! እጁን ነዋ።»

አሞአቴንግ ወደ አጥሩ ቀረበ። «የቱን እጁን?»

«ያን የሞተውን። ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ጣት በጣት እየገለጠች፣ ፀጉሩን እየከፈለች። እሱ ደግሞ ወዲያ ዞሮ ዛፍ ያያል፤ ምንም እንዳልተደረገለት፣ ልክ እንደ ባል።»

አሞአቴንግ የሚመልሰው ቀልድ ፈለገ። ሁልጊዜ አንድ አያጣም ነበር። ቅጠሉ ከእጁ ወድቆ አንድ ኤሊ እግሩ ሥር መብላት ጀመረ።

«እማማ» አለ፣ «እስቲ ይድገሙልኝ።»

እማማ መንሳ ደገሙለት። በሁለተኛው ላይ ትንሽ ጨመሩበት፤ እሱም አላረማቸውም።